ጥርት ያለው ብልቃጥ

የምስክር ስም፦ ኡልሪካ ስቴንማርክ
ዕድሜ፦ 57
ሥራ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አድራሻ፦ ጎተንበርግ፣ ማዮርና ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ ከረፋዱ 4፡40

የባሕር ጠባቂዎች የሩኔ ዳልብሎምን ጀልባ እየፈለጉ መሆናቸውን የፖሊስ መርማሪው ስላረጋገጠልኝ ቃሌን እሰጣለሁ። መቀመጥ ስላልቻልኩ ቆሜ እንደተናገርኩ ይጻፍልኝ።

ሥራዬ ከሕመምተኞች ጀርባ የሚቀዳውን የአከርካሪ ፈሳሽ መመርመር ነው። በአልዛይመር በሽታ አንደኛው ፕሮቲን አንጎል ውስጥ ስለሚከማች በፈሳሹ ውስጥ ያንሳል። ይኸው ፕሮቲን ክፉ ጠባይ አለው፤ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ፈሳሹ የሚቀዳው እምብዛም በማይለጠፍበት ደብዛዛ የፕላስቲክ ብልቃጥ ብቻ ነው።

ሴፕቴምበር 30 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የጡረተኛው የመርከብ ካፒቴን የሩኔ ዳልብሎም ውጤት ደረሰኝ። ያ ፕሮቲን በጣም አንሷል፤ ነርቭ ሲጎዳ የሚጨምረው ሌላው ፕሮቲን ግን ደህና ነበር። በበሽታው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ስለሚለወጡ ይህ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። 3 ሰዓት ደግሞ በእኛ ላቦራቶሪ የቡና ሰዓት ነው፤ የቀረ ይታማል። ባልደረባዬ ማይ-ሊስ ብቅ ብላ «ነይ እንጂ ኡሊስ፣ የቀረፋ ዳቦው ሊያልቅ ነው! ቁጥር እንደሆነ እግር የለው፣ የትም አይሄድ!» አለችኝ። ብልቃጡን ሳላይ ውጤቱ ላይ ፈርሜ ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ቁጥሩ ከነከነኝና ከሩኔ የተረፈውን ፈሳሽ ከማቀዝቀዣ ሳወጣ ብልቃጡን ጥርት ያለ ሆኖ አገኘሁት። ፈሳሹ ወደተቀዳበት ክሊኒክ ደወልኩ። ነርሷ «ደብዛዛዎቹ አልቀው ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ንጹሕ ናቸው፣ ያምራሉ» አለችኝ። ፕሮቲኑ ያነሰው ከጥርት ያለው ብልቃጥ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ምስጢር መጣሴን እያወቅሁ የሩኔ ቤት ደወልኩ። ውጤቱ ሐሙስ ዕለት እንደተነገረውና ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ብቻውን በጀልባው መውጣቱን ሚስቱ ሶልቬይግ ነገረችኝ። ሲወጣ «ስምሽ ሳይጠፋኝ ልሂድ» ብሏታል። ወዲያው ፖሊስ ጠራሁ።

ሰውየው ጤነኛ ነው አላልኩም፤ አላውቅም። ያ ቁጥር ግን የሐሰት ምስክር ነው፤ ያቆምኩትም እኔ ነኝ።

5፡10 ላይ በመርማሪው ሬዲዮ ጀልባው መገኘቱ፣ ሰውየው ግን አልመለስም ማለቱ ተነገረ። ሬዲዮኑን ለመንኩ፤ ሰጠኝ።

«ሩኔ፣ ብልቃጡ ነው የተሳሳተው። እንደገና እንመርምርህ።»

«ታዲያ ማን ፈረመበት?» አለ።

«እኔ።»

«አንቺ ሴትዮ! አራት ቀን ሙሉ የልጅ ልጆቼን ስም እንደ ተማሪ ስሸመድድ ከረምኩ እኮ!» ብሎ ጮኸብኝ። መጮሁ ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም። ጀልባውን ወደ ወደቡ ማዞሩን ጠባቂዎቹ ነገሩን።

ቃሌ ይኸው ነው፤ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ይህን ወረቀት የፈረምኩት ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኡልሪካ ስቴንማርክ
ቃሉን የተቀበለው፦ መርማሪ ሄኒንግ ኦስትሩፕ፣ ፊርማ