አጥቂያችን ቀድሞ ሄዷል

እስቲ ይችን ስሙኝ። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለን የኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን ጎንደር ሄዶ ሊጫወት ሆነና፣ እኛ ደጋፊዎቹ ልንከተል አሰብን። በደርግ ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይታሰብምና ወረቀቱን እንዳወጣ እኔን ቀበሌ ላኩኝ። ሊቀመንበሩ የኳስ ነገር የማያውቁ ኮስታራ ሽማግሌ ናቸው።

«ጎንደር ምን ልትሠሩ ነው?» አሉኝ።

«ግጥሚያ አለብን፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ከማን ጋር?»

«ከጎንደሮች ጋር። እንዲያውም አጥቂያችን ትናንት ቀድሞ ሄዷል።»

በሩ ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ነው ምን እንደ ተናገርሁ የገባኝ። ላብ በላብ ሆኜ፣ «ኳስ ነው ጓድ፤ አጥቂያችን ሰው አይነካም» እያልሁ ማልሁ ተገዘትሁ። እሳቸውም ብዕራቸውን መልሰው አንሥተው፣ «አንድ ሰው ቢነካ የምይዘው አንተን ነው» ብለው ማኅተሙን መቱልኝ።

አራት ለባዶ ተሸንፈን ተመለስን። ወረቀቱን ልመልስ ስሄድ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «ያ አጥቂያችሁስ?» አሉኝ።

«አላሳፈረኝም ጓድ» አልሁ፤ «ኳሷን እንኳ አልነካትም።»