በወረቀት አላጠፋም

(ነሐሴ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል፤ በሱዳን ጠረፍ ባለች ትንሽ ከተማ የማኅበረሰብ ሬዲዮው አንጋፋ ቴክኒሻን እትዬ እማዋይሽ ማሰራጫው ካለበት ክፍል በር ላይ ወንበሯን ገትራ ተቀምጣለች፤ ከዋና ከተማ የመጣው የሬዲዮ ሞገድ ተቆጣጣሪ ኢንጂነር ደረበ ማሸጊያውን ይዞ ፊቷ ቆሟል።)

ደረበ፦ እትዬ እማዋይሽ፣ ስለምንዎት ይኸው ሦስተኛዬ ነው። ከበሩ ይነሱልኝ።

እማዋይሽ፦ አራተኛም ለምነኝ። ወንበሩ አልቸኮለም፣ እኔም አልቸኮልኩ።

ደረበ፦ ደብዳቤው «ጩኸቱን የሚፈጥረው ማሰራጫ በአስቸኳይ ይታሸግ» ነው የሚለው። ከወንዙ ማዶ አቤቱታ መጥቷል። የክሊኒካቸው መገናኛ ሬዲዮ በጩኸት ታፍኖ አምቡላንስ መጥራት አቅቷቸዋል። ይሄ ቀልድ ነው?

እማዋይሽ፦ ቀልድማ አይደለም። ማዶ የሚታመመው የኔም ሰው ነው፤ ገበያችን አንድ፣ ወንዛችን አንድ። ግን ጩኸቱ የኔ መሆኑን ማን ነገረህ?

ደረበ፦ በዚህ ጠረፍ እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ማሰራጫ የለም። ደግሞም ትናንት ከሆቴሉ ግቢ ሆኜ ለክቻለሁ፤ መሣሪያዬን ሊያፈነዳው ምንም አልቀረው።

እማዋይሽ፦ ሆቴሉ እኮ አንቴናዬ ሥር ነው! ደወል ሥር ቆመህ «ደወሉ ይጮሃል» ብለህ ጻፍክ።

ደረበ፦ እትዬ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው...

እማዋይሽ፦ የዛሬ ሁለት ዓመትም «ለጥቂት ቀን» ተብሎ ነው የታሸግነው። አሥራ አንድ ቀን! በዘጠነኛው ቀን ወንዙ ሞላ። ስምንት ሰዓት ላይ የወንዙን ከፍታ እኔ ካልተናገርኩ ሰሊጥ አራሚው በምን ይወቅ? መሻገሪያው ላይ አራት ሰው ወሰደ። አንዷ የእህቴ ልጅ ናት፣ ጥሩዬ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደረበ፦ አላወቅሁም። እግዜር ያጽናዎት።

እማዋይሽ፦ ይኸው አወቅህ። ዛሬም ነሐሴ ነው፤ ላይኛው አገር ዶፉን ሲያወርደው ነው የከረመ። ይሄን በር የምታሽገው መጀመሪያ እኔን አሽገህ ነው።

ደረበ፦ ፖሊስ እንድጠራ አያስገድዱኝ።

እማዋይሽ፦ ጥራ! የአዛዡ ሚስት ማዶ ገበያ ነው የምትውል፤ እሱም እንደ ሰው ሁሉ ስምንት ሰዓትን ይጠብቃል። ይልቅ ደብዳቤህን ጨርሰህ አንብበኸዋል?

ደረበ፦ አንብቤዋለሁ እንጂ።

እማዋይሽ፦ አባሪውንስ?

ደረበ፦ አባሪው... ያው የቀጠናው አገሮች ስምምነት ነው። የተለመደ ነገር።

እማዋይሽ፦ ወዲህ በለው፣ መነጽሬን ላድርግ። «በጎረቤት አገሮች መካከል የሞገድ መጠላለፍ ሲያጋጥም ሁለቱ ወገኖች በተመሳሳይ ሰዓት በጋራ ሳይለኩ ማንኛውም ጣቢያ አይታሸግም።» ፊርማውን አየኸው? ያንተ አለቃ ነው። የማዶውም አለበት። አገር ሁሉ ተሰብስቦ የፈረመውን አንተ ሆቴል ግቢ ቁጭ ብለህ ሻርከው?

ደረበ፦ የጋራ ልኬት እኮ ኮሚቴ ይፈልጋል። የጉዞ ፈቃድ፣ የደብዳቤ ልውውጥ... ስድስት ወር ይፈጃል!

እማዋይሽ፦ እኛ ጋ አምስት ደቂቃ ነው። የማዶው ጣቢያ ቴክኒሻን ኢድሪስ ይባላል። እሱ ጩኸት ሲሰማ ይደውልልኛል፤ እኔ አጠፋለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። ጩኸቱ አብሮኝ ከጠፋ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱም ለኔ እንዲሁ ያጠፋልኛል። ኮሚቴያችን ይኸው ነው፤ ስድስት ዓመት ያለ አበል ሠርቷል።

ደረበ፦ ታዲያ ለዚህኛው ጩኸት ለምን አልደወለም?

እማዋይሽ፦ ክሊኒኩ አቤቱታውን በቀጥታ ወደ ላይ ላከዋ! ኢድሪስም እንደኔ የሰማው ዛሬ ጧት ነው። አሁን ክሊኒኩ ውስጥ ሬዲዮው አጠገብ ቁጭ ብሏል።

ደረበ፦ ቅድም ያጥፉ ስልዎት እምቢ ብለው አሁን ሊያጠፉ ነው?

እማዋይሽ፦ በወረቀት አላጠፋም። በልኬት ግን አጠፋለሁ። ጩኸቱ የኔ ከሆነ ማሸጊያህን በገዛ እጄ እገጥመዋለሁ። ካልሆነስ?

ደረበ፦ ካልሆነማ... እመለሳለሁ።

እማዋይሽ፦ እሱን እናያለን። ሃሎ፣ ኢድሪስ! ይኸው ገብቼ አጠፋሁ። እንካ ኢንጂነር፣ ስልኩን ያዝና በጆሮህ ስማው።

ደረበ፦ ሃሎ... እ? ... እንደ በፊቱ? ... እርግጠኛ ነህ? ... ምንም አልቀነሰም ይላል።

እማዋይሽ፦ ለመሆኑ ደብዳቤህ ጩኸቱ ከመቼ ጀመረ ይላል?

ደረበ፦ ከሐምሌ አምስት።

እማዋይሽ፦ ሐምሌ አምስት! ኮረብታው ላይ የመሥሪያ ቤታችሁ አዲሱ የመገናኛ ምሰሶ የተመረቀ ለታ! ጭብጨባው ሳይቀር በቀጥታ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። መቀሱን በሳህን ይዞ የቆመው ማን ነበር?

ደረበ፦ እኔ ነበርኩ።

እማዋይሽ፦ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ምን አጎደላችሁበት?

ደረበ፦ ማጣሪያው... ትርፍ ሞገድ ወደ ሰው መስመር እንዳይረጭ የሚይዘው ዕቃ አልደረሰም ነበር። እንግዳው ተጠርቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ በሬው ታርዷል። «ለምረቃው ያህል ያለሱ ይነሳ» ተባለ።

እማዋይሽ፦ ከምረቃው በኋላስ?

ደረበ፦ ተረሳ።

እማዋይሽ፦ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! በል፣ ለኮረብታው ጥበቃ ለሻምበል ደውልለት። ለሁለት ደቂቃ ያጥፋው።

ደረበ፦ የመሥሪያ ቤቱን ምሰሶ እኔ ላስጠፋ? ያለ ትእዛዝ? እንጀራዬ ነው እኮ፣ እትዬ!

እማዋይሽ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው! የኔን ለማሸግ ጥርጣሬ በቃህ፤ የራሳችሁን ለሁለት ደቂቃ ለማጥፋት ማስረጃም አልበቃህ? እኔ አጥፍቼ ቁጭ ብያለሁ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ ሰባት ደቂቃ ነው የቀረው። ሰው ወንዝ ዳር ቆሟል፣ ልጄ። ደውል!

ደረበ፦ ... ሃሎ፣ ሻምበል? ዋናውን ማብሪያ ዝቅ አድርገው። አዎ፣ አሁኑኑ። በኔ ኃላፊነት! ... ኢድሪስ፣ አለህ? ...

እማዋይሽ፦ ምን አለ? ተናገር እንጂ!

ደረበ፦ ጠራ። ነርሷ ከአምቡላንሱ ሾፌር ጋር እያወራች ነው። ድምጿ እዚህ ድረስ ይሰማል።

እማዋይሽ፦ ተመስገን።

ደረበ፦ ግን እኮ «አሽገህ ና» ተብዬ ነው የተላክሁት። ማሸጊያውን እንደያዝኩ ብመለስ ምን እላቸዋለሁ?

እማዋይሽ፦ ማን ተመለስ አለህ? ደብዳቤህ «ጩኸቱን የሚፈጥረው ማሰራጫ» ነው የሚለው፤ የኔን ስም አልጠራ። አሁን ዞር በልልኝ፣ ማሰራጫዬን ላብራ፤ ወንዙ ደብዳቤ አይጠብቅም። መሰላሉ ከበሩ ኋላ ነው፤ ከማሸጊያህ ጋር ኮረብታው ድረስ ተሸክመኸው ውጣ።