ሦስት ጣት ሲጫን

የተጨመቀ ሞላ ውስጥ አድፍጦ የሚጠብቀው ነገር ምንድን ነው? ባሕር ማዶ ስማር ስሌቱን ሠርቼ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ፤ ነገሩን ግን ዛሬም አላውቀውም።

አንድ ቀን በመካኒኩ ወንድሜ ጋራዥ በኩል ሳልፍ፣ ከሴት ልጁ ጋር ሲጨቃጨቅ ደረስኩ። የመኪና ሞላ በክሪክ ሊጨምቅ አዘጋጅቷል፤ እሷ ደግሞ ሲጨመቅ በሽቦ እንድታስርለት ይፈልጋል።

«ነይ እሰሪ እንጂ! ሞላ እዚህ ቆሞልሽ ወረቀት ላይ ትስያለሽ?»

«የቤት ሥራዬ ነው አባዬ። እሱን ስለሠራሁ ነው የማላስረው። ሽቦው ቢበጠስ ሞላው ይገድልሃል።»

«አባቴም በሽቦ ነበር የሚያስረው። ትምህርቱ ፍርሃት ካስተማረሽ ይቅርብሽ! ከነገ ጀምሮ እዚሁ ትውያለሽ።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ምሁር፣ ሰማሃት? እጥፍ ሲጫኑት እጥፍ ይመልሳል፤ ይኼን እጄ ያውቀዋል።»

«አራት እጥፍ ነው» አለች ልጅቱ።

እኔ ጠጋ ብዬ ክሪኩን አየሁ። ከባሕር ማዶ ከተመለስኩ ወዲህ ምክሬ ወንድሜን አሰልችቶታል፤ እኔንም ጭምር።

ልጅቱ ግን ትንሽ ሞላ ቀጥ ባለ ብረት ላይ አጥልቃ፣ ከላዩ የብሎን ዳዶ አኖረች። የአንድ ጣት ስፋት ያህል ወደ ታች ተጭና ለቀቀችው፤ ዳዶው አንድ ስንዝር ዘለለ። ሁለት ጣት ተጫነች፤ አራት ስንዝር ሄደ።

ወንድሜ ጠጋ አለ። «ሦስት ጣት ቢሆንስ?»

«ዘጠኝ ስንዝር፤ ጣራው ካልያዘው።»

ሦስት ጣት ተጭና ለቀቀችው፤ ጣራው ያዘው። ቆርቆሮው ጮኸ፤ ሦስታችንም ቀና ብለን ቀረን። የማይታይ ነገር፣ አንዲት ልጅ ወረቀት ላይ በጻፈችለት ልክ መታዘዙ ቤተ መቅደስ የገባሁ ያህል አስደነገጠኝ።

«እየተጫኑት ሲሄዱ ይበልጥ ይገፋል አባዬ። ስለዚህ ሁለተኛው ጣት ከመጀመሪያው የበለጠ ጉልበት ይበላል። የበላውን ሁሉ ይዞ ይቆያል።»

«ቂመኛ ነዋ!» አለ ወንድሜ። ማንም አልሳቀም።

ክሪኩን አወረደ። «ሽቦ ቀርቷል። ከጎረቤት ጋራዥ የሞላ መጭመቂያ እዋሳለሁ። አንቺም ትማሪያለሽ፤ የቤት ሥራሽንም እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ትሠሪያለሽ፣ እኔም እንድሰማው።»

ልምድ ትናንት የተረፈውን ሰው ያሳየናል። ትምህርት ግን ነገ የሚጎዳውን አስቀድሞ ያሳያል፤ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጡ ጋራዡም ቤቱም ይድናል። ይህን ልናገር አፌን ስከፍት ወንድሜ ፊቱ ተለወጠ።

«ታላቅ ወንድማችንስ? እሱ እኮ የጭነት መኪና ሞላ ነው በሽቦ የሚያስረው። ዛሬም አንድ ይዣለሁ ብሎኛል።»

ቢደውልለት አያነሳም። ስልኩን ለልጁ ሰጣትና እየነገራት ጻፈች፦ «ወንድም ጋሼ፣ ሽቦውን ተወው። እጥፍ ሲጫኑት አራት እጥፍ ነው። ልጅቷ አሳይታኛለች። እንደደረሰህ መልስልኝ።»

መልእክቱ ሄደ። መልስ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲህ አልመጣም። የታላቃችን ሽቦ ከመልእክቱ ቀድሞ ተበጥሶ ነበር።