ደምቆ የነበረው ስም

የአስናቀችን ዕድል ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ ከቆላ ድባ አብረን መጥተን፣ ጎንደር ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስቶች ነበርን። ከአዲስ አበባ አንድ አስተማሪ ኮምፒውተር ጭኖ መጣና ፈተነን፤ ያለፈ አዲስ አበባ ሄዶ ይሠለጥናል ተባለ። ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ወጣ። የሁላችንም ስም አለ፤ ያለፉት ግን ደምቀው ይታያሉ። ማተሚያው ስለተበላሸ፣ እንደ ታይፕ ሥራችን አንዳችን እያነበበ ሌላው እንዲጽፍ ታዘዝን። እኔ አነብባለሁ፤ አስናቀች ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ትጽፋለች። «ደማቅ» ያልኳት ስም ላይ ታሰምራለች።

የኔ ስም ደብዛዛ ነበር፤ የእሷ ቦግ ብሏል። በታይፕ ፍጥነት ሁልጊዜ ትበልጠኛለች፤ አሁን ደግሞ ጥላኝ ልትሄድ ነው። ስሟን ጠራሁና «ደማቅ» ሳልል ቀረሁ።

«ምነው፣ አልደመቀም?» አለች።

«አልደመቀም።»

ዞር ብትል ታየው ነበር። አልዞረችም። እርሳሷን በጥርሷ ነከስ አድርጋ፣ «ያንተስ?» አለችኝ።

«የኔም።»

«እሰይ! አንተ ሄደህ ልትኮራብኝ ነበር?» ብላ ሳቀች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ኃላፊያችን ወረቀቱ ላይ ፈረመ። አስተማሪው ማሽኑን በመኪና ጭኖ በዚያው ቀን ተመለሰ። የተሰመረባቸው ሦስቱ ተከትለውት ሄዱ። እኔና አስናቀች ቀረን።