አቤት ያላለው ድር

ሰው ፊት ለፊት ቢሰድበኝ ችዬ አልፋለሁ። ሰላምታዬን ረግጦ ያለፈን ሰው ግን እስከ ዛሬ አልማርኩም። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ አዳማ ገበያው አጠገብ ጋሽ ዲበኩሉን አግኝቼ «እንደምን አደሩ?» ብዬ ቆሜ ስጠብቅ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ ሲያልፉ ደሜ ፈላ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ በክብር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እሳቸውም ባዕድ አይደሉም፤ የልጅነት ጎረቤታችን ናቸው። መምህራን ማሠልጠኛ ስገባ የለበስኩትን ጋቢ እናቴ ፈትላ የሸመኑት እሳቸው ናቸው። ያን ጋቢ ከአሰላ እስከ ባሌ ለብሼው ዞሬያለሁ።

ተከትዬ ሄጄ ትከሻቸውን ነካ ሳደርጋቸው ደንገጥ ብለው ዞሩ። እኔ መሆኔን ሲያዩ ፊታቸው በርቶ፣ ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። ኩርፊያዬን የት እንዳደረስኩት እንጃ። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቅኋቸው። የሽመና ዕቃቸውን ሳይሰብር የሚፈታላቸው አናጢ ፍለጋ መውጣታቸውን ነገሩኝ። ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሎጅ ዕቃውን ለእንግዳ መቀበያው ጌጥ ፈልጎታል፤ ቅዳሜ በመኪና መጥተው ይወስዱታል።

«እርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኔማ አበቃሁ፣ መምህር። እጄ ሞተ።»

ይህን ሲሉ ቀኝ እጃቸውን አንስተው የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ተመለከቱት።

ይቺ ከተማ ናዝሬት በምትባልበት ዘመን ከገበያው ጀርባ አሥራ አንድ ሸማኔዎች በአንድ መስመር ይኖሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ከወዲያ፣ የሸማኔዎቹ ድምፅ ከወዲህ ይቀበለን ነበር። ማን ሥራ ላይ እንዳለና ማን እንዳረፈ ሳናይ እናውቅ ነበር። ጋሪው በባጃጅ ተተካ። ሸማኔዎቹም አንዳንዱ ሞተ፣ አንዳንዱ የልጆቹን ቤት ሊጠብቅ ሄደ፤ ከአሥራ አንዱ የቀሩት ጋሽ ዲበኩሉ ብቻ ናቸው። እሳቸው ካቆሙ ያ ድምፅ ከነጭራሹ ሊጠፋ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጠዋት ያዘንኩት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ ልጅነት አላውቅም።

አናጢው ይቆይ ብዬ ወደ ቤታቸው ልሸኛቸው ባጃጅ ያዝን። ጆቴ የሚባለው የሰፈራችን ባለ ባጃጅ «አካም ቡልታን?» ብሎ ሰላም ካለን በኋላ «ወዴት ልውሰዳችሁ?» ሲል፣ ጋሽ ዲበኩሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኛ ደህና ነን» አሉት። ጆቴ በመስታወቱ አየኝ። እኔም እርጅና ነው ብዬ በሆዴ አለፍኩት። ይህን ያህል ዘመን ተማሪ ፊት ቆሜ የማይሰማ ልጅ ከማይገባው ልጅ መለየት አልተማርኩም ማለት ነው።

በመንገዳችን የእጃቸውን መሞት አጫወቱኝ። ከፋሲካ ወዲህ የወጠሩት ድር ሁሉ ይበጠሳል። ቀኑን ሙሉ ሲቀጥሉ ይውላሉ፤ የቀጠሉት ደግሞ ከጎኑ ይበጠሳል። መጀመሪያ የፈትሉ ክፋት ነው ብለው ሻጩን ቀየሩ። ከዚያ ዓይን በላኝ ብለው ጠበል ሄዱ። ቅስማቸውን የሰበረው ግን ለጎረቤታቸው ለወይዘሮ ቶይባ የሠሩት ጋቢ ነው። አንድ ቀን በአጥራቸው በኩል ሲያልፉ፣ ጋቢው ታጥቦ ሽቦ ላይ ተሰጥቷል፤ ግማሹ ደህና፣ ግማሹ ተጨማዶ ተኮማትሯል። ወይዘሮ ቶይባ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተነፈሱም፤ እንዲያውም ባገኟቸው ቁጥር ይመርቋቸዋል። ይህ ነው የባሰባቸው። «ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ።

የሽመናን ነገር ለማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ጥቂት ልናገር። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ ይቀመጣል። ቁመቱን የሚሄደው ክር ድር ይባላል፤ ከፊቱ ስምንት ዘጠኝ እርምጃ ያህል ተዘርግቶ፣ ጫፉ ተጠቃልሎ በገመድ ከችካል ጋር ይታሰራል። በወርዱ የሚወረወረው ማግ ነው። ሥራው ሁሉ ያለው በድሩ አወጣጠር ላይ ነው። ከላላ ሸማው ይዝረከረካል፤ ከከረረ ክሩ ይበጠሳል። አንዴ ከርሮ አንዴ ላልቶ የተሠራ ደግሞ ሲታጠብ ጉዱ ይወጣል፤ የከረረው ቦታ ይሰበሰብና የላላውን ያጨማድደዋል።

ልኩ በምን ይታወቃል? በጋሽ ዲበኩሉ አባት ቤት በጆሮ ነበር። ድሩን በጥፍር መታ አድርገው ያዳምጡታል። ሲጠሩት አቤት ካለ ተወጥሯል፤ ካላለ ገመዱ ይጠብቃል። ልጅ ሆኜ ሲመቱት ሰምቻለሁ፤ ስሱ ድምፅ ነው፣ ክራር ሊቃኝ ሲል የሚሰማ ዓይነት። «አቤት አለ» ይሉና ወደ ጉድጓዳቸው ይወርዳሉ።

ግቢ ስንደርስ የመጨረሻ ልጃቸው ኮከብ አገኘችን። ወንዶቹ ሁለቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው። እሷ ቴክኒክና ሙያ ጨርሳ ዱከም አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ የሳምንት ዕረፍቷ ረቡዕ ነው። እጇ በአሸዋ ነጥቷል። ወደ ሽመናው ዳስ ስንገባ ምክንያቱ ገባን። ችካሉ ተነቅሏል። በቦታው ሁለት እንጨት ቆሞ፣ በመካከላቸው ትንሽ መንኮራኩር ገብቶ፣ የድሩ ገመድ በላዩ ዞሮ ወርዷል። ጫፉ ላይ አሸዋ የተሞላ ቢጫ ጀሪካን ተንጠልጥሏል።

እኔ አባትየው አፋቸውን ሳይከፍቱ ነበር የተቆጣሁት። ያ ችካል የልጅነቴ ችካል ነበር፤ እንደ ፈረስ እየጋለብን ተገርፈንበታል። በእሱ ቦታ የውሃ ጀሪካን ማየት አንጀቴን አቃጠለው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ ጋሽ ዲበኩሉ ቀስ ብለው።

«ማንም፣ አባዬ። ቅዳሜ ከመውሰዳቸው በፊት አንድ ጊዜ ይዩልኝ ብዬ ነው።»

«አባቴ በችካል ሠራ። አያቴ በችካል ሠራ። ክር ነፍስ ያለው ነገር ነው፤ ጠዋትና ቀትር አንድ አይደለም። ጀሪካን ይህን ምን ያውቃል?»

«እኔም የምለው እሱኑ ነው» አለች። «ጠዋት ርጥበት አለ። ቀትር ላይ የአዳማ ፀሐይና ነፋስ ያደርቀዋል። ክሩ ይለዋወጣል፤ ችካሉ ግን ጠዋት ባሰሩት ቦታ ተገትሮ ይውላል። ሸማውን በጠቀለሉ ቁጥርም ገመዱን እንደገና ያስራሉ፤ ሁለቴ አስረው አንድ ዓይነት አይመጣም። ይሄ ግን ክሩ ሲሳብ ከፍ ይላል፣ ሲለቀቅ ዝቅ ይላል። ክብደቱ ያው ነው፤ የሚይዘውም ያው ነው።»

ለአባትየው ወግኜ ስለ ቅርስ፣ አባቶች ስላቆዩት ጥበብ፣ ስለ ባህላችን መጥፋት ንግግር አደረግሁ። ንግግሬ ጥሩ ነበር ብዬ አምናለሁ። ኮከብ አክብራ እስከ መጨረሻው ሰማችኝና እንዲህ አለች።

«መምህር፣ ከሦስት ቀን በኋላ ቅርሱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያኔ ችካልም ጀሪካንም አያስፈልገውም።»

ጋሽ ዲበኩሉ ግን አልተረቱም። ወደ ድሩ ጠጋ ብለው በጥፍራቸው መቱት፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ላልቷል። ምንም አይልም» አሉ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ድምፁን በደንብ ሰምቼዋለሁ። ያ የልጅነቴ ድምፅ ራሱ ነው። ልናገር አፌን ስከፍት ኮከብ በዓይኗ ከለከለችኝ፤ ወደ አባቷ ቀረብ ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አባዬ፣ እኛ ፋብሪካ ውስጥ ጂቱ የምትባል ልጅ አጠገቤ ትሠራለች። ብትጮህ አልሰማትም፤ በምልክት ነው የምንግባባው። የማሽኑ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። እዚያ ቤት የድር ድምፅ የሚሰማ አንድ ሰው የለም፤ ሁላችንም ደንቆሮዎች ነን። ድሩ ግን አይበጠስም። ክብደት ስለሚይዘው ነው። ጆሮ አያስፈልገውም።»

ጋሽ ዲበኩሉ ድሩን እንደገና መቱት። ሦስተኛም መቱት። እኔ ሦስቱንም ጊዜ ሰማሁ፤ ጠዋት ገበያው ጋ እንዳኮረፍኳቸው ትዝ አለኝና አፈርኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉ በመጨረሻ።

«ከዐቢይ ጾም ጀምሮ። ሬዲዮኑን ከፍ ማድረግ ሲጀምሩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርዎት ይሰሙኝ ነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። ሲስቁ ግን እንባቸውም መጣ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

«አቤት እስኪለኝ አከርረዋለሁ፣ አከርረዋለሁ» አሉ። «ለካ እሱ ቀድሞ ብሎኝ ኖሯል። እጄን በከንቱ አማሁት።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ፤ እኔም ከዳኝነት ወርጄ አሸዋ አቀባይ ሆንኩ። ጋሽ ዲበኩሉ ተሸነፉ ማለት አይደለም፤ ጥያቄ አበዙ። ጀሪካኑ ለነጠላና ለጋቢ እኩል ይሁን ወይ አሉ። ለነጠላው ሳሳ ያለ ክር አሸዋው ይቀነሳል አለች። ሸማው እየተጠቀለለ ሲሄድ ጀሪካኑ መንኮራኩሩ ላይ ቢደርስስ አሉ። ገመዱን ለቀቅ አድርጎ ማስረዘም ነው፤ ክብደቱ አይለወጥም አለች። ከማሽን ያየችውን እሷ፣ ከክር ያወቁትን እሳቸው ሲናገሩ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ልኩን ያገኙት ጋሽ ዲበኩሉ ናቸው፤ በጆሯቸው ሳይሆን መዳፋቸውን ድሩ ላይ አሳርፈው። ሦስት ጣሳ አሸዋ አስቀነሱ፤ አንዱን መልሰው አስጨመሩ። «ይኸው ነው» አሉ።

ከቀትር በፊት አንድ ክንድ ያህል ሸመኑ። አንድም ክር አልተበጠሰም። ቆርጠው አጠቡትና ሽቦ ላይ ሰጡት። ፀሐዩ ወዲያው አደረቀው። አንስተን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ መሐሉ ለጥ ያለ። ጋሽ ዲበኩሉ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አገላብጠው ምንም ሳይሉ ወጡ። ወይዘሮ ቶይባ ቤት ሄደው የተጨማደደውን ጋቢ እንደተቀበሉና ሌላ እሠራልሻለሁ እንዳሉ በኋላ ሰማሁ።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም ነበር። በዚያ ቤት ሴት ትፈትላለች እንጂ ጉድጓድ ውስጥ አትቀመጥም። ኮከብ የሽመና ትምህርት ጨርሳ፣ በሺህ የሚቆጠር ሜትር ጨርቅ በማሽን ሠርታ፣ የአባቷ ቦታ ላይ ግን አንድ ቀን አልተቀመጠችም። ይህን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ዘመን አልፏል እያልኩ ለወላጆች ስሰብክ የኖርኩ መምህር፣ እንዴት ዓይኔ ሥር ያለውን አላየሁም? የሚያሳዝነኝ የሸማኔዎቹ ድምፅ መጥፋት ነበር፤ ለምን እንደጠፋ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ሙያው በጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ለመልመድ ዓመታት ይወስዳል፤ ጆሮው የደከመ ዕለት አብሮ ይሞታል። ልኩ በክብደት ከተያዘ ግን ጀማሪ በወራት ይለምደዋል፤ አዛውንቱም ጉልበቱ እስካለ ይሠራል፤ ክር ሲቀጥል የሚውለው ሰው ሲሸምን ይውላል፤ ገዢውም የታጠበ ጋቢውን ሳይሳቀቅ ይለብሳል። ችካሉን በመንቀል የጠፋ ነገር የለም። እኔ ብቻ አንድ የልጅነት ፈረስ አጣሁ፤ ይቅር።

ቅዳሜ ጠዋት የሎጁ ፒካፕ ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። አቶ ማስረሻ የሚባሉ ትሑት ሰው፣ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ወርደው ጫማቸውን አራግፈው ወደ ዳሱ ገቡ። ገብተውም ቆሙ። ጉድጓዱ ውስጥ ኮከብ ተቀምጣለች፤ ለዚህ ብላ ፈረቃዋን ከጂቱ ጋር ተቀያይራለች። አባቷ ያስቀመጧት «እኔ ራቅ ብዬ ድሩን ልየው» ብለው ነበር፤ እሷም ለጊዜው ብቻ መስሏት ነው የተቀመጠችው። እሳቸው በወዲያኛው ጫፍ፣ ጀሪካኑ አጠገብ ቆመው መዳፋቸውን ድሩ ላይ አሳርፈዋል።

አቶ ማስረሻ ሰላምታ ሰጥተው በተሰጣቸው ቃል መሠረት ዕቃውን ሊወስዱ መምጣታቸውን ጮክ ብለው ተናገሩ። ጋሽ ዲበኩሉ ስላስደከሟቸው ይቅርታ ጠየቁ።

«ቃል የሰጠሁት የእኔ መስሎኝ ነው» አሉ። «ዕቃው የእኔ አይደለም። ባለቤቷን ጠይቋት።»

በአገጫቸው ወደ ጉድጓዱ አመለከቱ። የኮከብ እጅ የማጉን መወርወሪያ እንደያዘ ቀረ። አባቷን አየቻቸው፤ እኔን አየችኝ፤ ከንፈሯን ነከሰች። አቶ ማስረሻ ባርኔጣቸውን አውልቀው «እህቴ፣ ትሰጪናለሽ?» አሏት።

ጎንበስ አለች፣ መወርወሪያውን ወረወረች።

ጋሽ ዲበኩሉ ፊታቸውን ወደ እሷም ወደ እኛም አልመለሱም። መዳፋቸው ሥር ድሩ ከፍ ዝቅ ሲል ይታየኛል።

«ጀመረች» አሉኝ።