አባትን ለክቶ ለልጅ መስፋት

አውቶቡስ ሲበላሽ ተሳፋሪው ሁሉ መካኒክ ይሆናል። ያን ዕለት ጠዋትም የራዲያተሩ ነገር ሲነሳ ያልተናገረ ሰው አልነበረም፤ ከጋሼ ሜትር በስተቀር።

ጋሼ ሜትር የሴት ልብስ ሰፊ ናቸው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውልቀው የታዩበት ቀን ስለሌለ ሰፈሩ እንዲህ ብሎ ጠራቸው፣ እሳቸውም እሺ ብለው ኖሩበት። የበኩር ልጃቸው ወልዳ፣ ከባለቤታቸው ጋር ሊጠይቋት ሲጓዙ ነው አውቶቡሱ በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ላይ ቀጥ ያለው። ሹፌሩ «ዕቃው ነገ ጠዋት ይደርሳል» ብሎ ሁሉንም እንግዳ ማረፊያ አስገባቸው።

የጋሼ ሜትርን አፍ የዘጋው ግን ራዲያተሩ አይደለም። ባለቤታቸው ከቤት ከወጡ ጀምሮ አላናገሯቸውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመነሳታቸው በፊት የወፍጮ ቤት ባለቤት የሆነው ጎረቤታቸው መጥቶ «ታናሿን ልጅህን ለልጄ» አላቸው፤ እሳቸውም «ስመለስ እሺታዬን እሰጥሃለሁ» አሉት። ደስ ብሏቸው የምሥራቹን ለባለቤታቸው ቢነግሩ፣ ባለቤታቸው «እሷስ?» አሉ። «እሷማ ምን ታውቃለች!» ብለው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ዝም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲኖሩ ሴትየዋ ተቆጥተው ያውቃሉ፣ አኩርፈው ያውቃሉ፣ አንዴም ድስት ወርውረው ያውቃሉ። ዝም ብለው ግን አያውቁም። ይህ ነው ሰውየውን ያስፈራቸው።

እንግዲህ ጋሼ ሜትር የሐይቁን ዳር ይዘው ብቻቸውን ሲሄዱ፣ አንድ ወጣት ከአንድ አግዳሚ ወንበር ፊት ሲንበረከክ፣ ሲነሳ፣ አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብሎ ደግሞ ሲንበረከክ አዩ። ከአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች አንዱ ነው፤ መድኃኒት ቤት እንደሚሠራና ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ለእረፍት እንደሚሄድ በመንገድ ሰምተዋል።

«ምን ጠፋብህ ልጄ? ዓይኔ ደህና ነው፣ ልፈልግልህ።»

ወጣቱ ደንግጦ ተነሳና ጉልበቱን አራገፈ። «ኧረ ምንም አልጠፋብኝም አባባ። ቦታ እየመረጥኩ ነው።»

«ለምን? ቤት ልትሠራ?»

«እንደዚያም ቢሉት ያስኬዳል» አለ እየሳቀ። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ጓደኛዬን ‹ታገቢኛለሽ ወይ› ብዬ ልጠይቃት ነው። ያቺ ባለመነጽሯ፣ ትናንት የመስኮቱን ወንበር ለእማማ የለቀቀችላቸው።»

ጋሼ ሜትር ውሃውን፣ ዛፉን፣ ሰማዩን ዞረው አዩ። «አባቷ የት አሉ?»

«ቤታቸው።»

«የአንተስ?»

«እሳቸውም ቤታቸው።»

«ታዲያ ማን ሊሰማህ ነው?»

«እሷ ትሰማኛለቻ!»

ጋሼ ሜትር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ወሬ ናፍቋቸዋል፤ ክርክር ሲገኝማ ሰርግና ምላሽ ነው። «አትቀየመኝና ልጄ፣ ሜዳ ላይ የሚጠየቀው መንገድ ነው። ጋብቻ በር ተዘግቶ፣ ወንበር ተስቦ፣ በትልልቅ ሰዎች ፊት ነው የሚጠየቀው። ዛሬ ነፋሱ ነፈሰልን ብላችሁ ልትጋቡ፣ ነገ ሲዘንብ ልትለያዩ? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«ተረቱ እውነት ነው፤ እኔ ግን አልሮጥኩም። ከተዋወቅን አራት ዓመት ሆነን። አባቷንም አልዘለልኩም። እሺ ካለችኝ በሚቀጥለው ሳምንት ወላጆቼን ይዤ ቤታቸው እሄዳለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየርኩት።»

«እሺ፣ እሷን ቅደም። ቤት ውስጥ ብትጠይቃትስ ምን ይላል? ቅጠል ካላየች መልስ አይመጣላትም?»

«ቤት ውስጥ አባባ፣ እናቷ በዚህ፣ አክስቷ በዚያ ሆነው ፊቷን ያነቡታል። የሻይ ሰሐን ተሸክማ ቆማ ‹አይ› ማለት እንዴት ይቻላታል? እዚህ ግን ይዩልኝ።» ወጣቱ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳ ጀመር። «መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን የገደሉን አናት ነበር። ውበቱ ልብ ይሰርቃል፤ እሷ ግን ከፍታ ትፈራለች። እግሯ እየተንቀጠቀጠ የምትሰጠኝ መልስ ምኑን መልስ ሆነ? ከዚያ የጀልባ መሳፈሪያውን አየሁ፤ ሰው ይበዛዋል። ጀልባው ላይማ ጭራሽ፤ እምቢ ብትል የት ትወርዳለች? ይህ አግዳሚ ግን ፀሐዩ ከጀርባው ነው፣ መነጽሯ ላይ አያንጸባርቅም። ዛፉ ነፋሱን ይከልላል፣ ሳልጮህ ትሰማኛለች። መንገዱም ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ ማረፊያው፣ አንዱ ወደ ውሃው። ማሰብ ካማራት ተነስታ ትሄዳለች።»

«ቆይ፣ ቆይ። እምቢ የምትልበትን መንገድ ጭምር ጠርገህላታል?»

«አዎን። እምቢ ማለት የማትችል ሰው እሺ ብትለኝ ምን ይጠቅመኛል?»

ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው።  ሰው ደግሞ መልስ ሲያጣ ዕድሜውን ይጠራል።

«ስማኝ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። የጠየቅሁት አባቷን ነው። ግቢያቸው ውስጥ ቆመን እሺ አሉኝ፣ ተጨባበጥን፣ አለቀ። ምን ጎደለብኝ?»

«እማማ ያን ጊዜ የት ነበሩ?»

«ጓዳ። ልብስ ትተኩስ ነበር።»

«ከዚያስ መጀመሪያ ሲገናኙ ምን አሏቸው?»

ጋሼ ሜትር አሰቡ። ብዙ አሰቡ። «ለሰርጉ ቀሚስ ልለካት ሄጄ... ‹እጅሽን አንሺ› አልኳት።»

ወጣቱ ሳቁን ዋጠው። ጨዋ ልጅ ነው። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አንድ አባት መጥቶ ‹ለልጄ ቀሚስ ስፋላት፤ ልኬን ውሰድ› ቢልዎ ይሰፋሉ?»

«ምን ነካህ! አብጃለሁ? ‹ልጅቷን አምጣት› እለዋለሁ እንጂ።»

«‹እኔ አባቷ ነኝ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም› ቢልስ?»

«ያውቃታል፤ ትከሻዋን ግን አያውቀውም! እኔ እኮ አንድ ጣት ብሳሳት...» አሉና ጋሼ ሜትር በራሳቸው መቀስ ተቆረጡ። አባቱን ለክተው ለልጅቱ ሰፍተዋል። አንዴ ለሚስታቸው፤ አሁን ደግሞ ለልጃቸው ሊሰፉ ጨርቁን ዘርግተዋል። «እሷስ?» ያሉት ባለቤታቸው ስለ ታናሿ ብቻ አልነበረም የጠየቁት።  ሚስታቸው ያን ጊዜ ብትጠየቅ ኖሮ እምቢ ትል ነበር ይሆን? ይህን ሁሉ ዘመን አብራቸው የኖረች፣ የማትፈልጋቸው ሴት ናት?

«ልጄ፣ ረታኸኝ» አሉ ቀስ ብለው። ደህና ሸማኔ ወይም ደህና ልብስ ሰፊ ግን የተበላሸ ሥራ ሳያይ አያልፍምና፣ ዓይናቸው ከዛፉ ጀርባ አረፈ። «ያ ካሜራ ያንጠለጠለው ሰው ምንድን ነው?»

«ፎቶ አንሺ ነው። ልክ እሺ ስትል ብቅ ብሎ...»

«እምቢ ስትልስ?»

ወጣቱ ዞሮ ዛፉን አየ።

«ከእናቷና ከአክስቷ ዓይን አሸሽተህ ለካሜራ ዓይን ሰጠሃት? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ፤ አሁን የነገርከኝን ለራስህ ንገረው እስኪ።»

ወጣቱ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ሳቀ፣ ከዚያ ሄዶ ፎቶ አንሺውን «ነገ ጠዋት ብትመጣ ይሻለኛል» ብሎ አሰናበተው። ሲመለስ ጋሼ ሜትር አግዳሚውን በእጃቸው እየዳበሱ አገኛቸው።

«ይህ ወንበር እስከ አሥር ሰዓት ባዶ ነው ማለት ነው?»

«ባዶ ነው አባባ» አለ ልጁ፤ ነገሩ ገብቶታል። «መልካም ዕድል።»

ባለቤታቸው ከማረፊያው በረንዳ ላይ ብርቱካን ይዘው ተቀምጠዋል። «ነይ እስኪ፣ ሐይቁን ላሳይሽ» ቢሏቸው ሳይናገሩ ተነሱ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሼ ሜትር ሜትሩን ከአንገታቸው አውልቀው፣ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ባለቤታቸው ይህን ሲያዩ ብርቱካኑን መላጥ አቆሙ።

«አንቺ... እኔ እኮ ሳልጠይቅሽ ነው ያገባሁሽ።»

«አውቃለሁ፤ እዚያው ነበርኩ እኮ!»

ተናገሩ! ጋሼ ሜትር ደስ ሊላቸው ነበር፤ ግን ገና ነው። «ያን ጊዜ ብጠይቅሽ ምን ትይኝ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቀየምም።»

«‹አላውቅህም› ነበር የምልህ። ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። አንተን ጠልቼ አይደለም፤ የእኔ ነገር ደጅ ሲቆረጥ እኔ ውስጥ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ መዋሌ ነው ያቃጠለኝ።» ባለቤታቸው ውሃውን እያዩ ነው የሚናገሩት። «ከዚያ ቀሚሱን አመጣህ። ኪስ ሠርተህለታል። ለሙሽራ ቀሚስ ኪስ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። ‹መሐረብ ትይዥበታለሽ፣ ታለቅሽ ይሆናል› አልከኝ። ያን ቀን በሆዴ ‹ይሁን፣ ከዚህ ሰው ጋር ይሁን› አልኩ። ግን ለማን ልናገረው? የጠየቀኝ የለም።»

ጋሼ ሜትር ዓይናቸው ረጠበ። ለመንበርከክ ቢያስቡም ጉልበታቸው አልፈቀደም፤ ከተንበረከኩ የሚያነሳቸው መካኒክ ነው። ስለዚህ ዞር ብለው ፊት ለፊት አዩዋቸው። «እንግዲያው ዘግይቼም ቢሆን ልጠይቅሽ። ታገቢኛለሽ ወይ?»

«እስኪ ላስብበት» አሉ ባለቤታቸው፣ ተነስተውም በሁለተኛው መንገድ ወደ ውሃው ወረዱ።

ወይ መከራ! የአራት ልጆች እናት፣ የልጅ ልጅ ሊስሙ የሚጓዙ ሴት፣ ወዴት ይሄዳሉ? ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ጋሼ ሜትር ግን አልሳቁም። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዶ ሜትሩን አጣ። እሺታን መጠበቅ ምን እንደሆነ በስልሳ አራት ዓመታቸው ገና ዛሬ አወቁ። ያን ጊዜ በወጣትነታቸው እንዲህ ቢፈሩ ኖሮ ምን ያህል ያከብሯት ነበር ብለው አሰቡ።

ባለቤታቸው ተመልሰው መጡና የብርቱካኑን ግማሽ በእጃቸው አኖሩላቸው። «እሺ» አሉ። «አገባሃለሁ።»

እፎይ! ጋሼ ሜትር ብርቱካኑን ከነፍሬው ዋጡት። «ታናሿንም እጠይቃታለሁ» አሉ፣ ሳይነገራቸው።

ወዲያው ከማረፊያው ደወሉላት። «ልጄ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ለልጁ ጠይቆሻል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

 «አባዬ... እኔን ነው የምትጠይቀኝ?» አለች።

«ሌላ ማንን ልጠይቅ? የምታገቢው አንቺ።»

«አልፈልግም አባዬ። ትምህርቴን ልጨርስ።» ማልቀስ ጀመረች።

«ካልፈለግሽ ቀረ። ለሰውየው እኔው እነግረዋለሁ፤ አታልቅሺ በይ።»

ስልኩን ሲዘጉ ሐፍረት ይመጣብኛል ብለው ጠብቀው ነበር። የመጣው ግን ቅልል የሚል ነገር ነው፤ ጠባብ ጫማ ያወለቁ ያህል ቀለላቸው። ለጎረቤት አንድ «አይሆንም» መናገር ከባድ ነው፤ ልጅን ሳትወድ ለባል ድሮ ዕድሜዋን ሙሉ ፊቷን ማየት ግን ከዚያ ይከብዳል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ከበረንዳው ሆነው ሁለቱን ወጣቶች ከሩቅ አዩ። ባለመነጽሯ ሰማች፣ ተነሳች፣ ወደ ውሃው ወረደች። «ወይኔ ልጄን!» አሉ ጋሼ ሜትር። «ዝም በል፣ እያሰበች ነው» አሏቸው ባለቤታቸው። ልጅቷ ተመልሳ መጥታ ልጁን በሁለት እጇ አቀፈችው፣ መነጽሯም መሬት ወደቀ። ሁለቱም ተንበርክከው ሲፈልጉ ያየ ሰው፣ ምን ጠፋባቸው ይል ነበር።

በማግስቱ አውቶቡሱ ተጠገነ። ጋሼ ሜትር እስከ መድረሻቸው ሰባኪ ሆነው ዋሉ። «ስሙኝ» ይሉ ነበር ወደ ኋላ ዞረው፤ «በገዛ አፏ እሺ ያለች ሴት ክፉ ቀን ሲመጣ ‹ማን ገፍቶ ጣለኝ› አትልም። ወንዱም ተመርጬ ነው ብሎ ያምናል፣ በሰው ፊት አይደነፋም። ወላጅም ከወቀሳ ይድናል፤ ሳይነፍግ ይመርቃል። እምቢ ብትል ደግሞ ከጋብቻ በፊት የተባለ እምቢ ካሥር ዓመት በኋላ ከሚመጣው ለቅሶ ይሻላል። ቦታውን ደግሞ ለእሷ ምረጡ፣ ለጎረቤት አይደለም። ጥላ ይኑረው። ጸጥ ይበል። መሄጃም ይኑረው!»

«አሁን ይብቃህ፣ ሰዉ ይተኛ» አሉ ባለቤታቸው፤ ይሁን እንጂ እሳቸውም የሁለት ቀን ዝምታቸውን ዕዳ ለመክፈል ያላወሩት ነገር አልነበረም። በመሐል እጃቸውን ወደ ባላቸው ኪስ ሰደዱና የተጠቀለለውን ሜትር አወጡ። ባዶው አንገት አላማራቸውም።

«አንገትህን ዝቅ አድርግ፣ ላጥልቅልህ» አሉና፣ እጃቸውን አየር ላይ አቁመው ቆዩ። «ትፈቅዳለህ ወይ?»

ጋሼ ሜትር በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«እስኪ ላስብበት» አሉ፤ አንገታቸውን ግን ቀድመው ዝቅ አድርገውት ነበር።