ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ጥዶች

አባ ጥላ የዘመመውን ጥድ ወገብ በግራ እጃቸው አቅፈው፣ የገመዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሲታገሉ ከኋላቸው ኮሽታ ሰሙ። ዞር ሲሉ ምራታቸው ጭራሮ ታቅፋ ቆማለች። አፋቸው በገመድ ተይዟልና «ደህና አደርሽ» ለማለት እንኳ አልቻሉም።

ልጅቱ ወደዚህ ቤት ከገባች ገና አራት ወሯ ነው። የደን ትምህርት ተምራ የመጣች፣ ስትናገር ድምጿን ዝቅ የምታደርግ፣ ሥራ ስትይዝ ግን እጇ የማይቦዝን ናት። አዛውንቱ ይወዷታል። ሆኖም የተማረ ሰው ወደ እርሻ ቤት ሲመጣ አንድ ነገር ሳይለውጥ እንደማይቀመጥ ያውቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ እንዲለወጥላቸው የሚፈልጉት አንድም ነገር አልነበረም።

«ልያዝልዎት አባባ» ብላ ጭራሮዋን ጣለችና ግንዱን ደገፈች።

ገመዱን ከአፋቸው አወጡ። «የትናንቱ ነፋስ ነው እንዲህ ያደረገው። እዚህኛው ላይ አስጠግቼ ላስረው ነው። ሲበረታ እፈታዋለሁ።»

«የሚያስጠጉበትም እኮ ቀጭን ነው። ሁለቱም ይወድቃሉ።»

«እንግዲያው ሁለቱንም ከሦስተኛው ጋር አስራቸዋለኋ!»

«ሦስተኛውንስ አባባ?»

አባ ጥላ መልስ ፍለጋ ዙሪያውን ቃኙ። አራተኛውም አምስተኛውም እንደ ሸምበቆ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ክንድ የማያህሉ ቀጫጮች ናቸው። ከነሱ ባሻገር ደግሞ በነፋሱ የተጋደሙ ዘጠኝ ጥዶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ተኝተዋል።

ይህ ዳገት ከሠላሳ ዓመት በፊት መላጣ ነበር። አባ ጥላና ባለቤታቸው በጎልማሳነታቸው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ችግኝ ተክለው፣ ዝናብ በጠፋባቸው ሁለት ዓመታት ከሥር ካለው ምንጭ ውሃ በባልዲ እያመላለሱ አጸደቁት። የሳቀባቸው ጎረቤት ብዙ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት የጥዶቹ ቅርንጫፎች ተገናኝተው ዳገቱ በሙሉ ጥላ ሲሆን ሳቁ ቀረና «አባ ጥላ» የሚለው ቅጽል ስም ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጫካ ውስጥ በሕይወት የቆመ ዛፍ መጥረቢያ ነክቶት አያውቅም።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልናገር። ካጠፋሁ ይቆጡኝ።»

«ተናገሪ። በዚህ ቤት ቁጣዬን የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ጫካው ርቦታል።»

«ምን ጎድሎበት? አፈሩ ጥሩ፣ ምንጩ ከሥሩ!»

«ብርሃን ጎድሎበት። እስቲ ወደ ላይ ይመልከቱ። ለእያንዳንዱ ጥድ የቀረችለት አናቱ ላይ ያለች አንድ እፍኝ ቅጠል ናት። ከጎረቤቱ ቀድሞ ፀሐይ ለማግኘት ሲንጠራራ ቁመቱን እንጂ ወገቡን አላሳደገም። ነፋስ ሲመጣ ታዲያ በምን ይቁም?»

«ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ማሳሳት ነው አባባ። ደካማ ደካማውን እየመረጥን ብንቆርጥ የቀረው ይወፍራል።»

አባ ጥላ ገመዱን መሬት ላይ ወረወሩት። «መቁረጥ! ነፋሱ ዘጠኝ ጣለብኝ ብዬ ስቃጠል አንቺ ደግሞ አግዢው!»

«ካሮቱን እኮ ያሳሳሉ። ባለፈው ሳምንት ጓሮ አብረን ስንነቅል ‹ከተጨናነቀ አንዱም አያድግም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

«ካሮት ዘርቼ ሠላሳ ዓመት አልጠበቅሁም! ለካሮት ብዬ ትከሻዬ አልተላጠም! ልጄ፣ አንቺ ዛፉን ነው የምታዪው፤ እኔ ባልዲውን ነው የማየው።»

በዚህ ጊዜ ልጅቱ ክርክሩን አልገፋችበትም፤ አለመግፋቷም መልካም ሆነ። አዲስ ነገር ለማስተማር የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እውቀት ጎድሎት አይደለም። የሚያስተምረው ሰው የደከመበትን ነገር ሳያከብር በመጀመሩ ነው። እሷ ግን ጎንበስ አለችና የሽማግሌውን ገመድ አንሥታ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

«የወደቁትን መቼም መከርከማችን አይቀርም። መጋዙን ላምጣ?» አለች።

«አምጪ» አሉ በኩርፊያ።

አንዱ በወዲህ አንዱ በወዲያ ሆነው ከተጋደሙት ጥዶች አንዱን ከሥሩ ገዘገዙት። መጋዙ ሲያልፍ የሙጫው ሽታ አካባቢውን ሞላው። ልጅቱ የቀሚሷን ጫፍ በጤዛ አርሳ የተቆረጠውን ፊት ስትጠርገው ክብ ክብ መስመሮች ጎልተው ወጡ።

«እያንዳንዷ ቀለበት አንድ ዓመት ናት። ከመካከል ጀምረው ይቁጠሩልኝ፤ የእርስዎ ዓይን ከእኔ ይሻላል።»

ውሸቷን እንደሆነ ቢያውቁም ደስ አላቸው። ተንበርክከው በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀለበቶቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። «እነዚህ ሁለቱ ጠበብ ያሉት ድርቁ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ዝናቡ መጣልን።» ሰባት፣ ስምንት፣ አሥራ አንድ። ከዚያ ጥፍራቸው ቆመ። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ቀለበቶቹ እንደ ፀጉር ቀጥነው፣ ወደ ቅርፊቱ ሲጠጉ ጭራሽ አንዱ ከሌላው አይለይም።

«እዚህ ላይ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ።

«እኔም እርስዎን ልጠይቅ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ምን ሆነ አባባ?»

አባ ጥላ ያንን ዓመት እንዴት ይረሱታል? ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ የተገናኘበት፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየጎተቱ ያስጎበኙበት፣ ስማቸውን ያገኙበት ዓመት ነው። በሕይወታቸው እንደዚያ ዓመት ልባቸው የሞላበት ጊዜ የለም። ለካ እሳቸው በጥላው ሥር ደረታቸውን ነፍተው ሲንጎማለሉ ዛፎቹ መራብ ጀምረው ኖሯል። ሽማግሌው ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡና ወደ ቤት ወረዱ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ባቄላ እየፈለፈሉ፣ ልጅቱ ምድጃው ዘንድ ቆማ፣ ባሏ የአባ ጥላ ልጅም ምሳውን እየበላ ሳለ አባ ጥላ በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ዘፍ አሉ።

«ምራትሽ ጫካውን ቁረጥ ትለኛለች።»

«ሰምቻለሁ። ‹አሳሱት› ነው ያለችው አሉ።»

«ያው ነው! ውሃ ተሸክሜ ያሳደግሁትን ነው...»

ባለቤታቸው ባቄላውን አስቀመጡ። «አንተ ሰውዬ፣ ውሃውን የተሸከመው ማን ነው?»

«ሁለታችን።»

«አንተ ቆፈርክ። ሲደክምህም ከድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ‹እዚያ ጋ ጨመር አድርጊ› ትለኝ ነበር። ባልዲው የእኔ ነው። ትከሻው የተላጠውም የእኔ ነው። ስለዚህ በባልዲው መማል ካለብን እኔ ልማልና፣ ልጅቱን ስማት! እኔ ያንን ሁሉ ውሃ ያመላለስኩት ዛፍ እንዲሆኑልኝ እንጂ የእንጨት ክር እንዲሆኑልኝ አይደለም።»

ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ምድጃው ዞረች። ባሏም፣ በተፈጥሮው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነውና፣ ሳህኑ ውስጥ አቀርቅሮ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ።

«እሺ» አሉ አባ ጥላ በመጨረሻ፤ «ከምንጩ በላይ ያለችውን ጥግ ብቻ። እሷም ምልክት ይደረግባት እንጂ እኔ ሳላይ መጋዝ አይነካትም።»

በማግስቱ ልጅቱ አሮጌ ቀይ ጨርቅ ቀዳ ጥጉን ዞረችና ሊቆረጡ ይገባል ባለቻቸው ሃያ ሰባት ጥዶች ላይ አሠረች። አባ ጥላ ከሩቅ ሆነው አዩ። እያንዳንዱ ቀይ ጨርቅ ሲታሠር በጣታቸው ቆጠሩ።

በነጋታው ማለዳ ቤተሰቡ ሳይነሣ ወደ ጥጉ ወጡ። እውነቱን እንናገር ካልን የሄዱት ጨርቁን ሁሉ ፈትተው ኪሳቸው ሊከቱት ነበር። የመጀመሪያውን ፈቱ። ሁለተኛው ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው አዩት፤ ዛፉ ጠማማ ነው፣ ቅርፊቱም ታምሟል። «ይህስ እውነቷን ነው» አሉ ሳያስቡት። ሦስተኛውም እንደዚያው። አራተኛው ዘንድ ሲደርሱ ደግሞ ተናደዱ። «ይህን? ይህ እኮ የነፋሱ በር ነው!» ልጅቱ ነፋሱ ከኮረብታው አናት የሚመጣ መስሏት በሸለቆው በኩል ያሉትን የዳር ጥዶች መርጣለች። አባ ጥላ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቆባቸው ላይ ሲሰማቸው የኖረውን ነፋስ ያውቁታል፤ ከሸለቆው ነው የሚነሣው። የዳሮቹ ከተቆረጡ የውስጦቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። ጨርቁን ፈቱና ወደ ውስጥ ገብተው፣ በሁለት ጎበዛዝት መካከል ታንቆ የሚሰቃይ አንድ ከሲታ ፈልገው አሠሩበት። ሌላው ላይ የወፍ ጎጆ አገኙ፤ እሱንም ፈትተው ወደ ጎረቤቱ አዛወሩት። ፀሐይ ስትወጣ እሳቸው ገና እየዞሩ ነበር። መጀመሪያ የፈቱትንም ጨርቅ ተመልሰው አሠሩት።

ከቁርስ በኋላ ልጅቱ ስትወጣ አባ ጥላ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዞር ዞር ብላ ቆጠረች። ሃያ ሰባት ነው። ግን ሰባቱ ቦታ ቀይረዋል።

«አባባ፣ የዳሮቹን ለምን ተዉአቸው?»

ነገሯት። በጣታቸው ሸለቆውን እያሳዩ፣ ነፋሱ በየትኛው ወር እንደሚነሣ፣ የቱ ጋ እንደሚጠመዘዝ አንድ ባንድ ነገሯት። ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች።

«ይህን ትምህርት ቤት አልነገሩኝም» አለች። «ብቻዬን ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ጥጉን በሙሉ አስወድቀው ነበር። አጥፍቻለሁ።»

«አላጠፋሽም። ሃያውን በትክክል መርጠሻል። እኔ ብሆን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱንም አልመረጥኩም።» ጥቂት አሰቡና ቀጠሉ፤ «ግን ንገሪኝ፣ ለምን ሃያ ሰባት ብቻ? ተጨናንቀዋል ካልሽ ለምን ግማሹን አላልሽም?»

ልጅቱ ፊቷ በራ። ሽማግሌው ስለ ማሳሳቱ ሲጠይቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «በአንድ ጊዜ ብዙ ከወሰድን የለመዱት ድጋፍ ይጠፋቸውና ይወድቃሉ። ዘንድሮ ከሦስቱ አንዱን፣ ሥሮቻቸውን አጠናክረው ወገባቸውን ሲያወፍሩ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላውን። በትዕግሥት ነው አባባ።»

«ትዕግሥትስ ለእኔ ተይው» አሉ አባ ጥላ።

ዝናቡ አቁሞ መሬቱ ሲጠነክር ቤተሰቡ በሙሉ ወጣ። ልጃቸው ይቆርጣል፣ ምራቲቱ የአወዳደቁን አቅጣጫ ትመራለች፣ አባ ጥላ ቅርንጫፍ ይመለምላሉ፣ ባለቤታቸውም ባልዲ ሳይዙ ወደዚያ ዳገት መውጣት እንዴት እንደሚያስደስት ለሁሉም እየነገሩ ጭራሮ ያስራሉ። የመጀመሪያው ጥድ ሲወድቅ አባ ጥላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አምስተኛው ሲወድቅ ግን ገለጡ፤ ዓመታት ሙሉ ፀሐይ ያላየው መሬት ላይ አንድ የብርሃን ሰሌዳ ተዘርግቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። ቀጥ ቀጥ ያለው ለበረት አጥርና ለባቄላ ድጋፍ ሆነ፤ የተቀረው ተፈልጦና ደርቆ ምድጃውን ዓመቱን ሙሉ አሞቀ። በሁለተኛው ዓመት በጥዶቹ ሥር ሣር በቀለ፤ ሣሩ አፈሩን ስለያዘው ጎርፍ ሲመጣ ምንጩ መደፍረሱ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ያ የሸለቆው ነፋስ በርትቶ ሲመጣ ካልተነካው ጫካ አሥራ አራት ዛፍ ጣለ፤ ከጥጉ ግን አንድም አልወደቀም። በዚያው ሳምንት አባ ጥላ ራሳቸው ቀይ ጨርቅ ቀደው በሁለተኛው ጥግ ምልክት ሊያደርጉ ወጡ።

ይህን ጊዜ ነው የማዶው ንብ አናቢ፣ የራሱ ጫካ እንደ ሸምበቆ የተጨናነቀበት የድሮ ጓደኛቸው፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ የተጣራው።

«ምነው ወዳጄ! በስተርጅና ዛፍ ጠላህ አሉ! ማነው እንዲህ ያሳተህ?»

ልጅቱ አጠገባቸው ነበረች። አባባ አሁን ሁሉንም እንደ ራሳቸው ሐሳብ አድርገው ያወሩታል ብላ ጠበቀች፤ ቢያደርጉትም ቅር አይላትም ነበር።

አባ ጥላ በእጃቸው የያዙትን ቀይ ጨርቅ አስቀመጡ። «ዛፍ አልጠላሁም። ሠላሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላውቃቸውም ነበር። ያስተዋወቀችኝ ይቺ ናት» ብለው ልጅቱን በትከሻዋ ይዘው ወደ ፊት አቀረቧት። «ግባና ጠይቃት። ታከብርሃለች፤ አንተም አክብራት። እኔ መጀመሪያ ጮኼባት ነበር፤ አንተ ጊዜ አታባክን።»

ንብ አናቢው አጥሩን ተሻግሮ ገባ።